ከብዙ ኤክስፖዠር አንድ ምስል፦ በየካ ዋሻ ሚካኤልና በቦሌ መድኃኔ ዓለም የብርሃን ስፋትን ስለ መመዝገብ

መግቢያ

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በየካ ተራራ ላይ የሚገኘው ዋሻ ሚካኤል ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው። የአካባቢው ትውፊት ዘመኑን ወደ አክሱም ነገሥታት ያደርሰዋል፤ የሥነ ሕንፃ አጥኚዎች ግን ወደ መካከለኛው ዘመን ያቀርቡታል። ዕድሜው የትኛውም ቢሆን፣ ጉዳት የደረሰበት የዚህ ቅርስ ግድግዳ፣ ዓምድና ስንጥቅ ዛሬ በሚገባ ካልተመዘገበ ነገ የሚመዘገብበት ዕድል እየጠበበ ይሄዳል። ለዚህ ሥራ ከሁሉ የቀለለውና የረከሰው መሣሪያ ፎቶግራፍ ነው።

ይሁን እንጂ በቀትር ካሜራ ይዞ ወደ እንዲህ ያለ ሕንፃ የገባ ሰው ወዲያው አንድ ችግር ይገጥመዋል። በበሩ በኩል የሚታየው ደጅ በፀሐይ ሲያበራ የውስጡ ማዕዘን በጨለማ ይዋጣል። ካሜራው ለውስጡ ቢስተካከል ደጁ ነጭ ባዶ ይሆናል፤ ለደጁ ቢስተካከል ግድግዳው ጥቁር ባዶ ይሆናል። ችግሩ የዋሻ ሚካኤል ብቻ አይደለም። ከየካ ወደ ደቡብ ወርዶ በቦሌ መድኃኔ ዓለም ካቴድራል በመስኮቶቹ የሚገባውን ብርሃንና በጥላ ያሉትን ሥዕሎች በአንድ ፎቶ ለማስቀረት የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል።

ለዚህ ችግር የተገኘው መፍትሔ የአንድን ትዕይንት በርካታ ፎቶዎች በተለያየ ኤክስፖዠር አንሥቶ ማዋሐድ ሲሆን፣ በተለምዶ ኤች ዲ አር ተብሎ ይጠራል። ስሙ በስልክ ካሜራዎች ዘንድ እጅግ የተለመደ በመሆኑ ብዙዎች ምስልን የማስዋቢያ ዘዴ አድርገው ይወስዱታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዘዴው በመሠረቱ የብርሃን መለኪያ መሆኑን ማስረዳት፣ መለኪያው የሚያበቃበትንና የአንሺው ምርጫ የሚጀምርበትን ድንበር ማሳየት፣ ይህም ድንበር ለቅርስ ምዝገባ ያለውን ፋይዳ ማመልከት ነው።

የችግሩ መጠን

በአንድ ትዕይንት ውስጥ ያለው እጅግ ብሩህ ቦታ እጅግ ጨለማ ከሆነው ቦታ ስንት እጥፍ ብርሃን እንደሚልክ የሚገልጸው ምጥጥን ዳይናሚክ ሬንጅ ወይም የብርሃን ስፋት ይባላል። ፎቶግራፍ አንሺዎች ይህን ምጥጥን በስቶፕ ይለካሉ። አንድ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ነው፤ ሁለት ስቶፕ አራት እጥፍ፣ ዐሥር ስቶፕ ደግሞ 1,024 እጥፍ ይሆናል።

አዲስ አበባ ይህን ስፋት የሚያጎላ ከተማ ነው። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ በመገኘቱ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ በቀትር፣ ማለትም ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በአናት ላይ ትውላለች። የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ የየካ ተራራ ከዚያም ይበልጣል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። በጠራ ሰማይ ብርሃንን በትኖ ወደ ጥላ የሚመልሰው አየር ስለሚቀንስ ፀሐዩ ይበረታል፣ ጥላውም ይጠቁራል።

ነገሩን በቁጥር ለማየት አንድ ምሳሌ ይወሰድ። በቀትር ፀሐይ የተመታ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን 100,000 ሉክስ ገደማ ነው። በዚያ ቦታ የቆመ ምእመን ነጭ ነጠላ ከሚያርፍበት ብርሃን 90 በመቶውን ይመልሳል እንበል። በውስጠኛው ማዕዘን የሚደርሰው ብርሃን 20 ሉክስ፣ የጠቆረው ድንጋይ የሚመልሰውም 5 በመቶ ቢሆን፣ በነጠላውና በድንጋዩ መካከል ያለው ምጥጥን 90,000 ለ1 ይሆናል። ይህም ወደ 16.5 ስቶፕ ይጠጋል።

የዘመኑ ጥሩ ካሜራዎች በአምራቾቻቸው መለኪያ እስከ 14 ስቶፕ የሚደርስ ስፋት ሊመዘግቡ ይችላሉ። ነገር ግን የታችኞቹ ስቶፖች በኖይዝ የተሞሉ በመሆናቸው ዝርዝር ነገር ለማጥናት አያስተማምኑም። ለጥናት የሚበቃ ጥራት ያለው ክፍል 9 ስቶፕ ያህል ነው ብንል፣ ከላይ ከተገለጸው ትዕይንት 7.5 ስቶፕ የሚሆነው በአንድ ፎቶ ውስጥ ቦታ አያገኝም ማለት ነው። የሰው ዐይን ይህን ጉድለት የማያስተውለው ከደጁ ወደ ውስጥ በዞረ ቁጥር ራሱን ስለሚያስተካክል ነው። ካሜራ ግን መላውን ትዕይንት በአንድ ቅጽበት በአንድ ልክ ይቀበላል።

የማዋሐድ ሒሳብ

ሐሳቡ ከዲጂታል ዘመን ይቀድማል። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. የባሕርና የሰማይን ብርሃን በአንድ ኔጌቲቭ ማስቀረት ስላቃተው ሁለቱን ለየብቻ አንሥቶ በአንድ ወረቀት ላይ አትሟቸዋል። ቻርልስ ዋይኮፍ ደግሞ የኑክሌር ፍንዳታን ለመቅረጽ ለብርሃን ያላቸው ስሜት የተለያየ ንብርብሮች ያሉት ፊልም ሠርቷል። ስቲቭ ማን እና ሮዛሊንድ ፒካርድ በ1995 እ.ኤ.አ. የዲጂታል ፎቶዎችን የማዋሐድ ስልት አቀረቡ። ፖል ዴበቬክ እና ጂቴንድራ ማሊክ በ1997 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ዘዴውን በስፋት አስተዋወቀ። ዴበቬክና ማሊክ ለማሳያ የመረጡት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲን የመታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን የውስጥ ክፍል ነበር፤ በቀለማማ መስታወቶቹና በጨለማ ማዕዘኖቹ መካከል ያለውን ልዩነት ከ30 ሰከንድ እስከ 1/1000 ሰከንድ በአንድ ስቶፕ ልዩነት በተነሡ 16 ፎቶዎች መዝግበውታል። በዘርፉ እጅግ ከታወቁት የሙከራ ምስሎች አንዱ ከቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተገኘው እንግዲህ በአጋጣሚ ብቻ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ሕንፃ ችግሩን በሙሉ መጠኑ ያሳያል።

የማዋሐዱ መሠረት ቀላል ነው። የካሜራ ሴንሰር ከመሙላቱ በፊት የሚሰጠው ቁጥር ከተቀበለው የብርሃን መጠን ጋር በቀጥታ ይመጣጠናል። ስለዚህ በአንድ ፒክስል ላይ የተነበበው ቁጥር ሹተሩ ክፍት ለቆየበት ጊዜ ሲካፈል፣ የሚገኘው ውጤት ከትዕይንቱ ከመጣው ብርሃን ጋር የሚመጣጠን አንድ ቋሚ ቁጥር ነው።

ለምሳሌ አንድ ባለ 14 ቢት ካሜራ እስከ 16,383 ድረስ ይቆጥራል። አምስት ፎቶዎች በሁለት ስቶፕ ልዩነት ተነሥተዋል እንበል። በካሜራው ላይ 1/500፣ 1/125፣ 1/30፣ 1/8 እና 1/2 ሰከንድ ተብለው የተጻፉት ጊዜያት በአሠራር ልካቸው 1/512፣ 1/128፣ 1/32፣ 1/8 እና 1/2 ሰከንድ ናቸው። የጥቁሩ መነሻ ቁጥር ከተቀነሰ በኋላ በግድግዳው ላይ ያለ አንድ ፒክስል በመጀመሪያዎቹ አራት ፎቶዎች 200፣ 800፣ 3,200 እና 12,800 ቢያነብ፣ እያንዳንዱ ለጊዜው ሲካፈል አራቱም 102,400 ይሰጣሉ። በአምስተኛው ፎቶ ፒክስሉ 51,200 ማንበብ ነበረበት፤ ይህ ከአቅሙ በላይ በመሆኑ ሞልቶ ይፈስሳልና ከሒሳቡ ይወጣል።

አራቱ አንድ ዓይነት መልስ ከሰጡ የአንዱ ብቻ አይበቃምን? መልሱ በኖይዝ ላይ ነው። ብርሃን በፎቶን ስለሚቆጠርና የቆጠራው መዋዠቅ በስኩዌር ሩት ስለሚያድግ፣ 64 እጥፍ ብርሃን የተቀበለው ንባብ ከመጀመሪያው 8 እጥፍ የጠራ ነው። ስለዚህ አዋሓጁ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ንባብ እንደ አስተማማኝነቱ ክብደት ይሰጣል። ሊሞላ የደረሰና እጅግ የደከመ ንባብ ትንሽ ክብደት ሲያገኝ፣ ሳይሞላ ብዙ ብርሃን የተቀበለው ከፍተኛውን ያገኛል። በዚህ ምክንያት ማዋሐድ ስፋትን ከመጨመር ባሻገር የጥላውን ዝርዝር ከኖይዝ ያጠራል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ያልተቀነባበረ መረጃ ለሚይዘው ሮው ፋይል ነው። ጄፔግ ፋይል ለዐይን እንዲስማማ ተብሎ የተጣመመ በመሆኑ የቁጥሮቹ ምጥጥን አይጠበቅም። የዴበቬክና የማሊክ ዋና አስተዋፅኦም የተለያየ ኤክስፖዠር ያላቸውን ፎቶዎች እርስ በርስ በማነጻጸር የጠመሙን ኩርባ መልሶ ማግኘትና ማቃናት ነበር። ሮው ፋይል ማግኘት ለሚችል ተመራማሪ ግን ኩርባውን ከመፈለግ ይልቅ ከመነሻው መራቁ ይመረጣል።

የፎቶዎች ብዛትም ከዚሁ ሒሳብ ይወጣል። የካሜራው አስተማማኝ ስፋት 9 ስቶፕ ከሆነና አምስት ፎቶዎች በሁለት ስቶፕ ልዩነት ከተነሡ፣ በፎቶዎቹ መካከል ያሉት አራት እርምጃዎች 8 ስቶፕ ይጨምራሉ፤ ድምሩ 17 ስቶፕ ይሆናል። ይህም ከላይ ለተሰላው 16.5 ስቶፕ ይበቃል። ከዚህ በላይ ደርዘን ፎቶ ማንሣት ጊዜን ከመውሰድ በቀር በስፋቱ ላይ የሚጨምረው የለም።

በሥራ ቦታ

ሒሳቡ የሚጸናው በፎቶዎቹ መካከል ከጊዜ በስተቀር ምንም ነገር ካልተለወጠ ብቻ ነው። ስለሆነም ካሜራው ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ ይደረጋል፤ ፎከሱ፣ የሌንሱ ቀዳዳ መጠን፣ አይኤስኦውና የነጭ ሚዛኑ ይቆለፋሉ። ቀዳዳው ቢለወጥ የምስሉ ጥልቀትና የጠርዞቹ ብርሃን አብረው ስለሚለወጡ፣ የሚለዋወጠው የሹተሩ ጊዜ ብቻ መሆን አለበት።

ሁለተኛው ፈተና እንቅስቃሴ ነው። ቤተ ክርስቲያን ባዶ ስቱዲዮ አይደለም። በአንዱ ፎቶ በዓምዱ አጠገብ የቆመ ምእመን በሚቀጥለው ፎቶ ሰግዶ ሊሆን ይችላል። ማዋሐጃው ሁለቱን ሲቀላቅል ነጠላው እንደ ጥላ የሚያሳልፍ፣ ከወገቡ በላይ የሌለ ሰው ይወጣል። ይህን የሚያርሙ ስልቶች ቢኖሩም የሚሠሩት በተንቀሳቀሰው ቦታ ላይ አንዱን ፎቶ ብቻ በመጠቀም ነው፤ በዚያ ቦታ የተገኘው ስፋት ይቀራል። ለምዝገባ ሥራ የሚበጀው ከአገልግሎት ሰዓት ውጭ፣ በአስተዳደሩ ፈቃድ መሥራት ነው። ዘዴው ፍላሽ አለመፈለጉ እዚህ ላይ ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ ጸሎትን አያውክም፣ ሕንፃው በራሱ ብርሃን ይመዘገባል።

ሦስተኛው ፈተና ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ኃይለኛ ብርሃን በሌንሱ መስታወቶች መካከል ተንጸባርቆ በምስሉ ሁሉ ላይ ስስ መጋረጃ ይዘረጋል። በጨለማው ማዕዘን የተነበበው ብርሃን ከድንጋዩ የመጣ ሳይሆን ከበሩ ፀሐይ ተበትኖ የደረሰ ሊሆን ይችላል። ጆን ማካን እና አሌሳንድሮ ሪዚ በ2007 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት የዘዴውን የታችኛውን ወሰን የሚወስነው የፎቶዎቹ ብዛት ሳይሆን ይህ የተበተነ ብርሃን ነው። ስለዚህ ሌንሱን ማጽዳት፣ ፀሐይን ከምስሉ ክልል ማውጣትና የሌንስ ጥላ መከለያ መጠቀም ከየትኛውም ፕሮግራም ይቀድማሉ።

ከመለኪያ ወደ ምስል

የማዋሐዱ ውጤት በእያንዳንዱ ፒክስል ላይ የብርሃን መጠን የተጻፈበት ካርታ ነው። ይህ ካርታ ገና ፎቶግራፍ አይደለም። የታተመ ወረቀት ከነጩ እስከ ጥቁሩ ሊያሳይ የሚችለው ስፋት ከ90,000 ለ1 እጅግ ያነሰ በመሆኑ ካርታው እንዲታይ መጨመቅ አለበት። ይህ ጭመቃ ቶን ማፒንግ ይባላል። መለኪያው የሚያበቃውና ምርጫው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ኤሪክ ራይንሃርድና ባልደረቦቹ በ2002 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ቀላል ቀመር ለማስረዳት ይመቻል። በቀመሩ አንድ የብርሃን ቁጥር በራሱና በአንድ ድምር ይካፈላል። 9 የነበረው 0.90 ይሆናል፤ 99 የነበረው 0.99 ይሆናል። በትዕይንቱ 11 እጥፍ የነበረው ልዩነት በምስሉ ላይ ወደ 10 በመቶ ወርዷል ማለት ነው። ምስሉ ለዐይን ተስማሚ ነው፤ ከእርሱ ላይ ብርሃንን ለመለካት ግን አይቻልም። ሆኖም ይህ ቀመር ቢያንስ አንድ ነገር ይጠብቃል፦ የበለጠ ብሩህ የነበረው ቦታ በምስሉም የበለጠ ብሩህ ሆኖ ይቀራል።

እያንዳንዱን ቦታ ከአካባቢው ጋር እያነጻጸሩ የሚጨምቁት ስልቶች ይህን እንኳ አይጠብቁም። የጨለማውን ክፍል ለብቻው ያነሣሉ፣ የብሩሁን ለብቻው ያወርዳሉ፤ በትዕይንቱ እኩል ብሩህ የነበሩ ሁለት ቦታዎች በምስሉ ላይ ሊለያዩ ይችላሉ። ቶም ሜርቴንስና ባልደረቦቹ በ2007 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት የኤክስፖዠር ፊውዥን ስልት ደግሞ ካርታውን ከነአካቴው ትቶ ከየፎቶው የተሻለውን ክፍል በመምረጥ በቀጥታ ምስል ይሠራል። ፈጣንና ውብ ነው፤ ግን የብርሃን መለኪያ አይተውም። የስልክ ካሜራዎች ደግሞ ፎቶዎቹን በቅጽበት አንሥተውና አዋሕደው ያለቀለትን ምስል ሲያስረክቡ የትኛውን ጥላ ምን ያህል እንዳነሡ አይናገሩም።

ለቅርስ ምዝገባ ያለው ትርጉም

ይህ ልዩነት በዋሻ ሚካኤል ግድግዳ ላይ ሲታይ የቃላት ጉዳይ አይሆንም። እርጥበት የገባበት ድንጋይ ይጠቁራል። አንድ ተመራማሪ ግድግዳውን ከክረምት በፊት በግንቦት፣ ከክረምት በኋላም በጥቅምት ቢያነሣና ሁለቱን ቢያነጻጽር፣ እርጥበቱ የት ድረስ እንደ ዘለቀ ሊያውቅ ይችላል። ነገር ግን ያስቀመጠው በአካባቢ ንጽጽር የተጨመቀ ምስል ከሆነ፣ ፕሮግራሙ የጠቆረውን ቦታ እንደ ጥላ ቆጥሮ አንሥቶታል። የሚፈለገው ማስረጃ የጠፋው በካሜራው ጉድለት ሳይሆን በማሳመሩ ነው። የተቀመጠው የብርሃን ካርታው ከሆነና በሁለቱም ጊዜ አንድ ዓይነት የግራጫ ካርድ በምስሉ ውስጥ ከነበረ ግን፣ የድንጋዩ ብርሃን ለካርዱ ብርሃን ተካፍሎ ሁለቱ ወቅቶች በቁጥር ይነጻጸራሉ። ካርዱ ከግድግዳው አጠገብ መቀመጥ ይኖርበታል፤ ብርሃኑ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ በር ላይ የቆመ ካርድ ስለ ማዕዘኑ አይመሰክርም።

ሌላም ጉዳይ አለ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። በብዙ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ከደጅ ወደ ውስጥ በተገባ መጠን ብርሃኑ ይቀንሳል፤ የምእመኑም ርምጃ በዚያው ልክ ይገታል። ጨለማው እንግዲህ ሊጠገን የሚገባው ጉድለት ሳይሆን የሕንፃው አካል ነው። ሁሉንም ክፍል እኩል አብርቶ የሚያሳይ ምስል የግድግዳውን ዝርዝር ያሳያል፤ ስለ ሕንፃው ግን የተሳሳተ ነገር ይናገራል። የሥነ ሕንፃ ተማሪ ከዚያ ምስል ተነሥቶ መስኮቶቹ ለውስጡ በቂ ብርሃን ይሰጣሉ ብሎ ቢደመድም ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይሆንም።

ከዚህ በመነሣት ለቅርስ ምዝገባ የሚጠቅሙ አራት ልማዶችን መጠቆም ይቻላል። አንደኛ፣ የመጀመሪያዎቹ ሮው ፋይሎች በሙሉ ይቀመጡ፤ የተሻለ የማዋሐጃ ስልት ሲገኝ ሥራውን እንደገና መሥራት የሚቻለው በእነርሱ ነው። ሁለተኛ፣ የተዋሐደው የብርሃን ካርታ ስፋቱን በሚይዝ ፋይል፣ ለምሳሌ በ2003 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ክፍት በሆነው ኦፕን ኢ ኤክስ አር፣ ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ ለኅትመት የተዘጋጀው ምስል በየትኛው ስልትና በምን ቅንብር እንደ ተጨመቀ ከሥሩ ይጻፍ። አራተኛ፣ ዝርዝርን ለማሳየት ከተዘጋጀው ምስል ጎን አንድ ዐይን በቦታው የሚያየውን የሚመስል፣ ጨለማውን ጨለማ አድርጎ የተወ ምስል ይውጣ። ሁለቱ ሲጣመሩ አንባቢው ግድግዳው ምን እንደሚመስልም፣ በዚያ ቦታ መቆም ምን እንደሚመስልም ይረዳል።

ማጠቃለያ

በርካታ ኤክስፖዠሮችን ማዋሐድ ካሜራ በአንድ ቅጽበት የማይችለውን የብርሃን ስፋት በየተራ ለክቶ በአንድ ካርታ ላይ የማስፈር ዘዴ ነው። እስከዚህ ድረስ ያለው ሥራ ሊደገምና ሊመረመር የሚችል መለኪያ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጭመቃ የአንሺው፣ አለዚያም የፕሮግራሙ ውሳኔ ነው። ውሳኔው ነውር የለበትም፤ ነውሩ ውሳኔውን እንደ መለኪያ አድርጎ ማቅረብ ነው። እንደ ዋሻ ሚካኤል ያለ ጉዳት የደረሰበት ቅርስ ዛሬ ለሚያነሡት ሰዎች ሁለተኛ ዕድል ላይሰጥ ይችላል። መረጃውን ወደፊት የሚከፍት ተመራማሪ በእጁ የሚኖረው ዛሬ የተቀመጠለት ብቻ ነው፤ ያማረውን ምስል ከካርታው መልሶ መሥራት ይችላል፣ ካርታውን ግን ካማረው ምስል መልሶ ማግኘት አይችልም።